የማክሰኞ አፍ

ብርኖ ላይ፣ ከትራም ማደሪያው ጀርባ፣
ማሞቂያው ሌት ተቀን በሚያስልበት ቤት፣
ሰባት ዓመት ሙሉ ሲመሽ የምንገባ
እኔና ራዲም ነን፤ ሥራችንም ፍሰት።

ምስልን እንደ ውሃ ከቋት ወደ ቋት
ማሻገር፤ ድምፁንም ከጎኑ ማስኬድ፤
ለደሴት ጣቢያም ሆነ ለሰፈር ስብሰባ ቤት
እንዲደርስ ያለ ዋጋ፣ ያለ ጌታ ፈቃድ።

ምንጩ ክፍት ነው። ውላችን ይኸው ነው፦
የጠማው ይቀዳል፣ የቻለ ይጠርጋል፤
ያደፈረሰ ሰው፣ ትናንት ቢሆን ድሮ፣ ስሙ እዚያው ነው፤
ቀኑን ከነሰዓቱ መዝገቡ ይናገራል።

ራዲም ቀን የትራም ፍሬን ይጠግናል፣
ማታ ደግሞ ቁጥር ይፈታል፣ ያስራል።
እኔ ቭላስታ ነኝ፤ ደብዳቤ እመልሳለሁ፤
«አይሠራም» ላለኝ ሁሉ «የቱ ጋ?» እላለሁ።
ሥራዬ ሁለት ቃል ናት።

ኅዳር መጨረሻ፣ አዲሱ ስሪት
ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ለዕለቱ ኬክ ተገዝቶ፣
ከቺሎዌ ደሴት፣ ከዝናብ ቤት፣
የኤርሚንያ መልእክት ደረሰን አምሽቶ፦

«ጆሮዬ ግማሽ ነው፤ ግማሹን ከከንፈር
እለቅማለሁ እኔ፣ መሬት እንደ ወደቀ ጥሬ።
ወንድሜ በጣቢያው የጀልባ ሰዓት ሲናገር
በእናንተው ፕሮግራም አየዋለሁ ከሰፈሬ።
ቅዳሜ ምን ሆነ? አፉ ገና ሰኞ እያለ
ድምፁ ማክሰኞን ይዞ ቀድሞት ከች አለ።
‹የሰኞው ቀርቷል፣ የማክሰኞው ይነሣል› ነበር ያለው ለካ፤
እኔ አፉን አምኜ ሰኞ ወደብ ወረድኩ፣ ሰዓቴን ስለካ።
ጀልባ የለም። ዝናብ አለ። ዓሣ ሻጩ ሳቀብኝ።
እባካችሁ፣ ወንድሜን ከገዛ አፉ አስታርቁልኝ።»

ራዲም አነበበው፤ ትከሻውን ሰበቀ፦
«የዓይን ጥቅሻ ታህል ናት፣ ከሷ ሌላ ማን አወቀ?»
ግን ደግሞ አላስቻለውም። የሁለት ሰዓት ቅጂ
ከፍቶ ቁጭ አለ፣ ሰዓቱን በእጁ ይዞ።
በመጀመሪያው ደቂቃ ጥቅሻ፤
በሃያኛው ትንፋሽ፤
ሁለተኛው ሰዓት መጨረሻ
ድምፁ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል፣
ከንፈሩ ገና መንገድ ላይ ነው።

ኬኩ ማቀዝቀዣ ገባ።

ሦስት ሌሊት ፈለግን። ቋቱን ገለበጥን፤
የላዩ ሳንካ ከታች የመጣ መሰለን፤
አንዱን ቅርንጫፍ ቆርጠን ሌላውን ቀጠልን፤
ስቭራትካ ወንዝ በረዶ ያዘ፤ እኛም ቂም ያዝን፣ ተኮራረፍን።

ከፑኔ ማንዳር ነው፣ እሱ ጋ ሲነጋ፣
ያለ ሰላምታ አንዲት ጥያቄ የላከ፦
«ሽርፍራፊውን ማን ጣለው?»

አየን። ሁለት ሰዓት ነበር ለካ ከኛ ቤት የሚቆጥር፤
አንዱ ለምስል፣ አንዱ ለድምፅ፣ ጎን ለጎን የሚሰፍር፤
በድምፁ በኩል ግን፣ ክፍልፋይ በደረሰ ቁጥር
«ትርፉ ይጣል» የምትል መስመር አለች፣ አንዲት አጭር።

ማን ጻፋት? መዝገቡን ራዲም ገለጠ፤
አንብቦ ዝም አለ፤ ማሞቂያው ላይ አፈጠጠ።
ከስድስት ዓመት በፊት፣ በግንቦት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፦
ቭላስታ ይላል። እንዲያ ተጽፎ ሳየው ሌላ ሰው መሰለኝ።

አራት መስመር ወጣ፣ አንዲት መስመር ገባች።
ያን ሳምንት ሥራችን ያደገው በዚህ ነው፤ አጠረ።

ቅዳሜ ማታ ከደሴቲቱ፦
«ማክሰኞ በገዛ አፉ መጣ። ጀልባዋን ደረስኩባት።
ወንድሜ ግን ጥርስ አስነቅሏል፤ አሁን ነው ያየሁት፣ መች ነገረኝ!
ደግሞ የቁልፎቹ ጽሑፍ ደቃቅ ናት፣ መነጽሬም አልቻላት።»

ኬኩ ደርቋል። ቢላ እምቢ ቢለን በእጅ ሰበርነው።
ራዲም አፉ ሞልቶ «ምን አለች?» ሲለኝ፣
እኔ መልስ እየጻፍኩ ነበር፦
«የቱ ጋ?»