ሦስተኛው መደርደሪያ

ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል፣ ከፖስታ ቤት ሽቅብ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ፣ መድኃኒት ሳስረክብ።
የሐኪም ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ነው፤ ለእኔ ግን ሁሌም ግልጽ ነበረ፤
ያቺን አንዲት ቃል ሲያገኝማ፣ እጄ ከዐይኔ ቀድሞ በረረ፣
ወደ ሦስተኛው መደርደሪያ።

ረዘም ያለች ክኒን፣ ባለ ሁለት ቀለም፤ ለወገብ፣ ለጥርስ፣ ለጉልበት፣
እሑድ ለታመመ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ላለበት።
"በቀን ሦስቴ፣ ከምግብ በኋላ" እላለሁ።
"በቀን ሦስቴ፣ ከምግብ በኋላ።"
ማንም አልነገረኝም አልልም፦
በማዳኗና በመግደሏ መካከል ያለው ወሰን
ከአንድ ጣት እንደሚጠብ፣ በደቃቅ ፊደል
ከእሽጉ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጦ ነበር።

ሲስተር አስካለ ከሌሊት ተራ ስትወጣ ጎራ ትላለች፤
የራሷን ራስ ምታት ይዛ ባንኮኒዬን ትደገፋለች።
"ዛሬም ያንተዋ ናት። ከካሳንቺስ የመጣች፤ አሥራ ዘጠኝ ነው ዕድሜዋ፣ አሉ እናቷ፤
የወገቡን መድኃኒት ባዶ እሽግ ይዞ፣ በር ላይ ቆሞ ነበር አባቷ።"
እሷ የምትጽፈው በቀይ ነው። እኔ በሰማያዊ።
ሁለታችን የምንጽፈው የአንዲት ክኒን ስም።

ደብዳቤው የመጣው በሚያዝያ ነው፣ ክብ ማኅተም አርፎበት፦
"ከዛሬ ጀምሮ ለአዲስ ሕመምተኛ እንዳይታዘዝ፤ የነበረበት
ቀስ በቀስ ይቀየርለት፤ የቀረው ተቆጥሮ ይመለስ።"
ቆጠርኩ። ሦስት ካርቶን። ለጉልበት የሚሆን እፎይታ፣ ለድንኳን የሚሆን ለቅሶ፣
በአንድ እሽግ፣ በአንድ ዋጋ። ፈረምኩ። መኪናው ወደ ለገሃር ወረደ፣ ጭስ ለብሶ።

አቶ መንክር ተቆጡ። የማተሚያ ቤት ጡረተኛ ናቸው፤
አርባ ዓመት የእርሳስ ፊደል ሲለቅሙ፣ እንደ ቅንፍ የጎበጠ ወገባቸው።
"ሰው ወንዝ ገባ ተብሎ ለመንደሩ ውሃ ይከለከላል?" አሉኝ።
መልስ አልነበረኝም። የሰጠኋቸው ምትክ ሁለት ሳምንት አሰደበኝ።
ሐኪማቸው ሌላ ጻፈላቸው፤ ቅባት ጨመረ፤ ሙቅ ውሃ በጨርቅ።
በሦስተኛው ወር ከዘራቸውን ጥለው መጡ አልልም፤ እንዲህ ያለ ተረት አላውቅ።
ቀኑን ይገፉታል። ይሰድቡኛል፤ ግን ከእኔው ይገዛሉ።

"መሞት የፈለገ ሌላ መንገድ አያጣም" ይባል ነበር፤ እኔም ብያለሁ።
እናም በየጠዋቱ የሲስተር አስካለን ዐይን ዐይን አያለሁ።
በነሐሴ፦ "ሰላም አደርን።"
በመስከረም፦ "አንድ ልጅ፣ በሌላ ክኒን፤ ተርፋለች።"
በጥቅምት ስለ ጫማ ዋጋ ብቻ አውርታኝ ሄደች።
ያቺ ቃል ከማዘዣው ጠፋች፤ በምትኳ ሌሎች ቃላት በዙ፣ ጥቂት፤
ቀዩ መዝገብ ግን አብሯቸው አልበዛም።

አንድ ማታ፣ መዝጊያውን ልስብ ስል፣ አንዲት ልጅ ገባች፣ ዝናብ የመታት፤
የአያቷ ስም ያለበት አሮጌ ማዘዣ፣ አራት ቦታ የታጠፈ።
"የለም" አልኳት። "ከገበያ ወጥቷል።"
ዐይኗ ከእኔ አልፎ ሦስተኛውን መደርደሪያ ፈለገ፤
ሳሙና ነበር። የሕፃን ዱቄት። የጥርስ ብሩሽ።
በርጩማ ሰጠኋት። ዝናቡ እስኪያባራ
ስለ ፈተና፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለማይረባ ነገር ሁሉ አወራን፤
እናቷ ተደውሎላት፣ ጃንጥላ ይዛ መጣች።
ምናልባት በእርግጥም ለአያቷ ጉልበት ይሆናል።
አልጠየቅኩም።

የሞተ ይቆጠራል፤ ስም አለው፣ ሠልስት አለው፣ ድንኳን አለው።
ያልሞተውን ማን ይመዘግበዋል?
ቸርችልን ሽቅብ ይወጣል፣ እያለከለከ፣
ስለ ቤት ኪራይ እያሰበ፣ በስልክ እየተጨቃጨቀ፣
በበሬ ያልፋል፣ ሳያየኝ።

ዛሬ ሳሙናው አልቋል።
አዝዣለሁ።