አስታዋሽ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአውቶቡሱ መጨረሻ አለፍ ብሎ፣
የጉርሙ ቪዲዮ ቤት፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ተቀጥሎ፤
ቅዳሜ ኳስ፣ እሁድ ኳስ፣ በሳምንቱ መሃል የህንድ ፊልም፣
ዛሬ ግን በካርቶን ላይ፣ በተንጋደደ ቀለም፦
«የመድረክ ቴአትር በስክሪን። መግቢያ ሃያ ብር።
በዚያው ትኬት የማታው ኳስ ጭምር።»

ርዕሱን አነበብኩ። ቆምኩ። ዳግመኛ አነበብኩ።
ከፈልኩና እንደ ቤተክርስቲያን ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ፤
ከጎኔ ጎረምሳ፣ ስልኩን እያበራ ደቂቃ የቆጠረ፤
ከፊቴ ሁለት የቀን ሠራተኞች፣ ሲሚንቶ በቅንድባቸው፣
ኳሱን ጠባቂ ናቸው፤ ቴአትሩ ምናቸው!

መጋረጃው ተከፈተ፣ በተወጠረ ነጭ አንሶላ፣
የዚያን ዘመን መድረክ፣ የዚያን ዘመን ሰው ሁላ፣
ከወገብ በላይ ብቻ፤ ካሜራው እግር አላየም፤
የጣውላው ሲጥሲጥታ ግን ያው ነው፣ ለውጥ የለውም።

እኔ የትም አልታይ።
አስራ ስድስት ዓመት፣ ከመጋረጃው ስንጥቅ ሥር፣
በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በባትሪ ጽሑፍ ስመረምር፣
የተዋናይ ምላስ ሲታሰር ቃል አቀብል ነበር፤
እንደ ውሃ፣ በሹክሹክታ፣ ለደረቀ ከንፈር።

የመጨረሻው ትዕይንት። ጥላዬ፣ ነፍሱን ይማር፣
አባት ሆኖ ቆሟል፤ ልጁ በውጭ፣ መሃላቸው የጣውላ በር።
አፉን ከፈተ።
ጠፋው።
አውቀዋለሁ ዝምታውን። ሲጨንቀው ልማዱ ነው፣
የካቦርቱን ቁልፍ ይዞ እስኪበጠስ የሚያዞረው።
አሁን ይመጣል ድምፄ፤ ማይኩ ያኔ ይዞት ነበር፣
ዳይሬክተሩ ስለሱ ሳምንት ሙሉ ሲያማርር።
ጆሮዬን ቀሰርኩ።

ዝናብ።
በቆርቆሮው ላይ፣ ከገልባጭ መኪና እንደተደፋ ጠጠር፤
ሹክሹክታዬን ዋጠው። ጥላዬ ቁልፉን ሲያዞር፣ ሲያዞር፣
ማን ይንገረው?
እኔ ነኛ።
«በሩ እኮ አልተቆለፈም፣ ልጄ» አልኩ፣ ጎንበስ ብዬ፣
እንደ ድሮው፣ በትንፋሽ፣ እጄን በአፌ ከልዬ፤
ቀና አለ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ልክ እንደሰማ፣
የሞተ ሰው፣ በዝናብ መሃል፣ ከአፌ ቃል የተሻማ።

ጎረምሳው ዞረ፦ «ፋዘር፣ ከዚህ በፊት አይተውታል እንዴ?»
«አላየሁትም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ከዚያ ስንጥቅ
ጀርባውን እንጂ ፊቱን መች አየሁት አንዴ።

በአንሶላው ላይ ጭብጨባ፤ የዚያን ሌሊት ሰው ሁሉ ቆሞ።
እዚህ ዝም።
አንዱ የቀን ሠራተኛ ብቻ፣ ሁለቴ፣ መዳፉን ቢያጋጭ፣
ሲሚንቶ ቦነነ፣ በፕሮጀክተሩ ብርሃን ነጭ።

ጉርሙ ገመድ ቀየረ፤ አንሶላው ሣር ለበሰ።
ባርኔጣዬን አላደረግኩም፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ።