ክሩ ገና ነው

ሐኪሟ ሁለት ወረቀት አወጣች፣ ከጥፍር የማይሰፋ፤
አንዱን ለኔ፣ አንዱን ላባቴ፤
«ምላስ ላይ አኑሩት፣ እስኪርስ አይተፋ።»
አዳማ ነው፣ ከሰዓት፤ ነፋሱ አቧራ ይዞ
መስኮት ያንኳኳል፤ ማራገቢያው መብራት ሄዶበት ተክዞ።

የኔው እሬት ሆነ። ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤
የልጅነቴ ኮሶ ከሥሩ ተቆፍሮ እንደገና መረረ።
አባቴን አየሁት። ፊቱ ንቅንቅ አላለም።
ፊቱማ ካቻምና ጀምሮ
በሽታው እንደ ሳንቃ ዘግቶታል፤ ሳቅ አይወጣበት፣ ቁጣ አይወጣም።
ዓይኑ ብቻ እኔ ላይ ነበር።
«መራራ ነው» አላት፤ «ኧረ ከግራዋ የባሰ!»
ብዕሯን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች።
«አባባ፣ የርስዎ ባዶ ነው። ለማነጻጸሪያ ነው የሰጠሁዎ።»
እሱም ሳያፍር፦ «ከልጄ ፊት ቀመስኩት።»

እውነተኛውን ሰጠችው። አኘከው።
«ወረቀት ነው» አለ።

ወንጂ፣ ስኳር ፋብሪካ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አብሳይ ነበር፤
ከሚንተከተከው ጠብታ ወስዶ
ባውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሽቶ ሲያላቅቀው
ቀጭን ክር ይወጣል፤ ክሩ ሲረዝም «ደረሰ!» ይላል ሄራሞ፣
ሰዓት የያዘው አለቃ ሰዓቱን ያስተካክላል።
ጣፋጩን በጣቱ ነበር የሚያውቀው።
መራራውን ግን
እኛ ጀግንነት አልነው፤ ግራዋ ጨምቆ እንደ ውሃ ሲጠጣ
እናቴ «የኔ ባል ምሬት ይውጣል» ትል ነበር በኩራት፤
ለካ ምላሱ ላይ ያቺ በር አልተበጀችለትም ከፍጥረት።
(የኔዋ በር ከእናቴ ወገን ናት።)

«ምሬት የሚለየው ዘበኛ» አለች ሐኪሟ፣ «አንጀት ውስጥም አለ፤
እዚያ የሰፈሩትን ደቃቅ ነፍሳት ማን ገባ፣ ማን ወጣ ይላል።
ካንቀላፋ፣ ምናልባት፣ ምናልባት ነው፣ ጥናቱ ገና ነው፣
የሰፈሩ ጠብ በነርቭ ገመድ ሽቅብ እስከ አንጎል ይወጣል።»

ከእጁ መንቀጥቀጥ በፊት ሃያ ዓመት
ሆዱ አልሄድ ብሎት ተልባ ሲጠጣ ነበር።
ምን ሆንክ ስንለው «ሆድ ይፍጀው» ይላል።
ሆድ ፈጀው።

ኪኒኑንም መንገድ ላይ ይበሉበታል፣ አለች፤
ለአንጎል የሚደርሰው ትራፊው ነው።
ይሄ ላባቴ ወዲያው ገባው፦
«እንደናንተ ነዋ! ከተሳቢው ላይ አገዳ እየመዘዛችሁ
ፋብሪካው ጎዶሎ ጭነት ሲረከብ።»

በማግስቱ ናሙናውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ
ከፍራንኮ በባጃጅ፣ ጉልበቴ ላይ ታቅፌ ሄድኩ።
«ምሳ ነው?» አለኝ ሾፌሩ።
«የአባቴ ነው» አልኩት። አልዋሸሁም።

ማታ በረንዳ ላይ፣ ሻዩ ቀዝቅዞ፣
አውራ ጣቱ ሌባ ጣቱን ያሻል፣ ያሻል፣ አያባራም።
ሐኪሞች ስም አላቸው ለዚህ፤ እኔ ስሙን አልጠራም።
ጎንበስ ብዬ «ደረሰ ወይ?» አልኩት።
ጣቶቹን ወደ አምፖሉ አነሳ፣
መሃላቸውን ረጅም ጊዜ አየ።
«ገና ነው» አለኝ።
«እሳቱን ቀንሺ።»