ሁለት ጣት እጥፋት

ሄርማታ፣ ከሲንጀሬ ኋላ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ረግጫለሁ፤
ለልብስ ሰፊ ጡረታ ማን ይቆርጥለታል?

ሦስት ሰዎች መጡ፣ ገንዘቤን ሊያኖሩ።
አንዱ «በአምስት ዓመት እጥፍ!» አለ፣ ከረባቱ ጠሞ፤
አንዱ ካላንደር ሰጠኝ፣ የጅሬን ኮረብታ ያለበት።
መቀሴን አንስቼ
«እናንተስ ስንት ትቆርጣላችሁ?» ብል
ሳቁ፤
ስለ ዝናቡ አወሩ።

የከድር አባ ዱራ ልጅ፣ ነጂባ፣
በጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔዬ
ጠረጴዛው ላይ ጻፈች፦
«በዓመት ከመቶው አንድ ብር።
ቢከስርም፣ ያው አንድ ብር።»
ደስ አላለኝም።
ግን አላጠፋሁትም።

የተማሪ ሱሪ ስሰፋ
ሁለት ጣት ወደ ውስጥ አጥፋለሁ፣
ልጅ ያድጋል ብዬ።
ሽማግሌ ግን ያጥራል ይላሉ፤
የዚያን ሰውዬ ቁመት በምን ሜትር ልለካ?
እንዲሁ በግምት
ነጂባ ዘንድ
ሁለት ጣት አጥፌ አኖርኩለት።