ኖራ

ኮምቦልቻ ላይ ባሕር አለኝ፤ አራት መቶ ሊትር፣
ከቦርከና ወዲህ፣ ከመጋዘኑ ጎን፣ ከቆርቆሮው አጥር።
"ምን ተከልህ?" ይለኛል ይመር፣ መስታወቱ ላይ አጎንብሶ፤
"ባሕር ዛፍ" እለዋለሁ። ይስቃል፣ ይወጣል፣ ይመጣል ተመልሶ።

ውሸቴን አይደለም።
ቅርንጫፍ አለው፣ ቅጠል ግን የለውም፤
ይበላል፣ ጥርስ ግን የለውም፤
የሚያድገው በአጥንቱ ነው፤ አጥንቱን ከውሃው ይጠባል፣
በማንኪያ ዱቄት ብጨምር፣ ብጨምር፣ እስኪመሽ ያልቃል።

ጦይባ መጣች፤ የድሮ ረዳቴ ልጅ፣ ፋብሪካው ላብራቶሪ የምትሠራው።
በስሪንጅ ቀዳች፣ ጠብታ ቆጠረች፣ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ዞረ።
"አብሽር ጋሼ" አለች፣ "በማንኪያ ግን አትዘልቀው፤
ቀን ከሌት የሚያንጠባጥብ ሪአክተር ነው የሚበጀው።"

ምርጫው ሁለት ነበር።
አንዱ ከዱባይ የመጣ፣ የሚያብለጨልጭ፣
ዋጋው የአንድ ፊት ጎማ፣ አዲስ፣ ከነከመነዳሪው።
ሌላው ሐሰን የቧንቧ ሠራተኛው "ልሥራልህ" ያለኝ፣
ወፍራም ቱቦ፣ ክዳኑ በስምንት ብሎን የሚታሰር።
"ያብረቀርቃል ብለህ አትግዛ፤ የሚበላውን ለካ፣ ሆዱን ከዚያ ምረጥ።
ክዳኑ ካላፈሰ፣ ፓምፑ ካላንቀላፋ፣ የቀረው ለጌጥ።"
የሐሰንን ያዝኩ። በጋዙ መቆጣጠሪያ ግን አልሰሰትኩም፤
ፍሬን ላይ የቆጠበ ሹፌር
ሐረጎ ግርጌ ነው የተለቀመው።

ለሆዱስ ምን ይሰጠው?
አልጋ ሥር አንድ ማዳበሪያ አለ።
በኤንትሬው ዘመን፣ አሰብ ላይ ጭነት ስንጠብቅ፣
ከዳርቻው የለቀምኩት ነጭ ድንጋይ፤
ያኔ ድንጋይ ይመስለኝ ነበር።
ጣት የመሰለ አለ፣ የማር እንጀራ የመሰለ አለ፣
ሙሂባ "ጨው አምጣ ስልህ ድንጋይ" ብላ የሳቀችብኝ፣
ትልቁን በር ማስደገፊያ ያደረገችው።
የሞተ ባሕር ዛፍ ነው ለካ።

በመዶሻ ፈረከስኩት፤ ባቄላ ባቄላ አህሎ፣
ዱቄቱ ይደፍናል ተብዬ፣ በወንፊት ተንገዋልሎ።
ዘጠኝ ጊዜ አጠብኩት፤ ዘጠነኛው ውሃም ወተት ነበር።
የበሩን አልነካሁም።
በሩ ዛሬም በእሱ ነው የሚቆም።

ጋዙ ያው ለስላሳ የሚያስገሳው ጋዝ ነው፤
ውሃውን ያኮመጥጠዋል፣ ኮምጣጣው ድንጋዩን ይልሰዋል፣
የተላሰው በቀጭን ቱቦ ወደ ባሕሬ ይንጠባጠባል።
መጀመሪያው ሌሊት ቸኮልኩ። ቁልፉን አዞርኩ፣
አረፋው ተንፈቀፈቀ፣ ጠብታውንም አብሬ ለቀቅኩ።
ሲነጋ ባሕሩ ሁሉ እንደ ተቆጣ ልጅ እጁን ጨብጧል።

"ሐረጎን በስንተኛ ማርሽ ነበር የምትወርደው?" አለች ጦይባ።
"በሁለተኛ።"
"እንግዲያ።"

በቀን አንድ ቁልፍ። አንድ ብቻ። ነክቶ መጠበቅ፣ ለክቶ መጠበቅ።
መብራት ሲሄድ (ኮምቦልቻ ነው፣ ይሄዳል)
ጋዙ ራሱን ይዘጋል፤
ውሃው ወደ ሲሊንደሩ እንዳይመለስ
ሄዶ መመለስ የማያውቅ ቫልቭ አለ።
እንዲያ ያለ መንገድ እሱን ብቻ አይደለም የማውቀው።

በሦስተኛው ወር ወይን ጠጁ ጣት ጫፉ ነጣ፤
አዲስ አጥንት፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል።
ቱቦው ውስጥ ደግሞ ድንጋዩ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሏል።

"ይሄስ?" አለኝ ይመር፣ ቱቦውን በጣቱ መታ አድርጎ።
"ኖራ።"
"ማን?"

አልመለስኩለትም። ጠብታ እየቆጠርኩ ነበር፤
ሠላሳ ላይ ተሳሳትኩና
እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።