ሠላሳ ስድስተኛው

ቶሪኖ ላይ፣ ከሆቴሉ ምድር ቤት፣ ስድስት ማሽን ሲሽከረከር፣
የስንቱ አገር ሯጭ ላብ እዚህ ወርዶ ሲነከር፣
ማን አሸነፈ ብዬ አልጠይቅም፣ ማንስ ወደ ኋላ ቀረ፤
እኔ የማውቀው ጨዉን ነው፣ ብብት ላይ ደርቆ እንደ ኖራ የጠጠረ።

ግድግዳው ላይ ሕግ አለ፣ በሦስት ቋንቋ የተለጠፈ፦
የአንዱ ቡድን ልብስ ከሌላው ጋር አይታጠብም፣ የሚል፣ በቀይ የተጻፈ።
ቀለም እንዳይጋባ ነው ምክንያቱ፤
የለቀቀ ቀለም አይመለስም ወደ ቤቱ።

ማክሰኞ ማታ ከሦስተኛ ፎቅ አንድ ከረጢት ወረደ።
ቋጠሮውን ፈታሁት፤ ሕጉ እጄ ላይ ተናደ።
ሁለት ማልያ፦ አንዱ ብርቱካንማ፣ አንዱ ነጣ ያለ ሰማይ፣
ማንገቻ ለማንገቻ ተጠላልፈው፣ የቱ የማን እንደሆነ ሳይለይ።
ካልሲውም እንዲሁ፤ ግራው የአንዷ፣ ቀኙ የሌላዋ።
በመርፌ ቁልፍ የተያዘው ወረቀት ላይ ሁለት ስም፦
ማይከ። ዝላታ።

"ዝላታ በኛ ቋንቋ ወርቅ ማለት ነው" አለችኝ ስቶያንካ፣ የማታዋ ተረኛ።
"በኛ ደግሞ ወርቅ ሰም ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ሰሙ እስኪቀልጥ ድረስ እስረኛ።"
ሳቀች። "እንግዲያው እዚህ ምድር ቤት ብዙ አይቆይም፤
ከዚህ የባሰ የሚሞቅ ቦታ ቶሪኖ ውስጥ የለም።"

እውነቱን ልናገር፤ እኔም ደንግጬ ነበር።
ለዚህ ነገር፣ ካደግሁበት ሰፈር፣
ስድብ እንጂ ስም ይዤ አልወጣሁም።
እጄ ግን እኔን አላማከረም፤
ሁለቱን አንድ ማሽን ውስጥ ከትቶ በሩን ዘጋ፣
በለብታ ውኃ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ።

ረቡዕ ማታ ሩጫው ነበር፤ ሦስት ሺህ ሜትር መሰናክል።
ከማድረቂያው በላይ ባለችው ትንሽ ቴሌቪዥን አየሁ፣ የሚታጠፈውን ትቼ፣
ፎጣ እንደ ያዝኩ፣ ትንፋሼን ውጬ፤
ሰማያዊው ትከሻ ላይ፣ አውራ ጣት የምታህል፣
ብርቱካንማ ጥላ ነበረች፣ አብራ የምትዘል።
ሠላሳ አምስት ጊዜ ዘለሉ፤ ሰባቱ ውኃ አለበት።
ዝላታ ሁለተኛ ወጣች። ማይከ ሰባተኛ።
አንደኛዋ አጥሩ ጋ ሮጣ ባሏን ሳመችው፤
ካሜራው እዚያው ቆየ፤ ተራኪው "እንዴት ደስ ይላል!" አለ፤ ደስም ይላል።
እነዚያ ግን አንድ ክንድ ተራርቀው፣
እንደ ሁለት የባንክ ሠራተኞች ተጨባበጡ።
እጃቸው ቶሎ አልተላቀቀም። ቆጠርኩ፤
አራት ሰከንድ፣ ከምስሉ ጠርዝ ላይ።

ሐሙስ ጠዋት ሠላሳ ስድስተኛው መሰናክል በሬ ላይ ቆሞ ነበር፣
ክራባት ያሰረ፣ ማልያዋን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣት ይዞ ሊመረምር።
"ይህ ብርቱካን ከየት መጣ? የማን ነው? ከየትኛው ክፍል?"
የሚጠይቀው ስለ ቀለም አልነበረም።
ከኋላው ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ እሷ ጫፉ ላይ፣
ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ግድግዳ መስላ።

ይህንን እሷ አትዘለውም። እኔ ዘለልኩት፣
በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣
ባበጠ ጉልበቴ፦
"እኔ ነኝ ያቀላቀልኩት። ደክሞኝ ነበር። ጥፋቱ የእጄ ነው።"
(የመጨረሻው እውነት ነበር።)
ጻፈ። አስፈረመኝ። አርባ ዩሮ ከደሞዜ ተቆረጠ።

ማታ እሷ ራሷ ወረደች፣ በካልሲ፤
ግራና ቀኙ ዛሬም አይመሳሰልም።
የሷ ጣልያንኛ ሦስት ቃል ነው፣ የእኔም ካዚያ ብዙ አይርቅም፤
እድፉን በአውራ ጣቷ ነካችው።
"ማስለቀቂያ አለኝ" አልኳት፣ ጠርሙሱን አውርጄ፣
"አንድ ሌሊት ብቻ፤ ምንም አይታይም።"

ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደች፤
ክዳኑን አጥብቃ፣
መደርደሪያው ላይ መለሰችው።
ማልያውን አጠፈች፣ ሁለት ጊዜ፣
ብርቱካኑን ወደ ውጭ አድርጋ።