ሙከራ ዘጠኝ

ከአዘዞ መውጫ ላይ፣ ከጎሚስታው ጎን፣
አንዳርጌ መኪና ይሠራል ቢባል ስንቱ መጣ ሊያይ ሞተሩን!
"ስንት ሰው ትጭናለች? ደብረ ታቦር በስንት ሰዓት ትደርሳለች?"
እሱ ቀና አይልም፤ ሊማውን ብረት ላይ እየነዳ፣
"ጥጥ ነው የምትጭነው" ይላል፣ "ያለችበት ቆማ ትሄዳለች።
አንገቷ ክንድ ከስንዝር፣ መርፌዋ የወስፌ ታናሽ፣
የብርድ ልብስ መስፊያ ናት፣ ከወፍራም ድርብርብ የማትሸሽ።"

ነገሩ የመጣው ከደባርቅ ነው፤
ከአዳሪ ትምህርት ቤት፤ ስድሳ አልጋ፣ ስድሳ ብርድ፣
ሳያንኳኳ የሚገባ ውርጭ፣ ጉልበትን ከአገጭ የሚያጋጥም በግድ።
ትእዛዙን የያዘችው ዘሀራ፣ የአዲስ ዓለሟ ሰፊ፣
ጥጡን ከመተማ አስመጣች፣ ከላይ አቡጀዲ፣ ከታች ካኪ፤
ሦስት ጣት ሙሉ ውፍረት፣ ለአባቷ ሲንጀር ብታቀብለው
አንዴ ነከሰ፣ አንዴ አቃሰተ፣ በማግስቱ ጥርሱን ገጠመው።
በባጃጅ ይዛው መጣች፣ እንደታመመ ሰው በጋቢ ጠቅልላ፤
አንዳርጌ ሆዱን ከፍቶ አየና፣
"ሸሚዝ እያጎረስሽ ያሳደግሽው ነው፤ ተራራ እንዴት ይብላ?"

ግራሶ የጠጣ ደብተር አለው። እንዲህ ይላል፦

ሙከራ አንድ። መርፌ ተሰበረ።
ሙከራ ሁለት። እንደ አንድ።
ሙከራ ሦስት። ሞተሩን አፈጠንኩ፤ መርፌው ጋለ፣ የናይሎን ክሩ ቀለጠ።
ሙከራ አራት። ፑሊውን በትልቅ ለወጥኩ፤ ፍጥነት ሸጬ ጉልበት ገዛሁ።
ሙከራ አምስት። ሰፋ! ግን ልብሱ ተኮማተረ፤
የታችኛው ጨርቅ ሄደ፣ የላይኛው ቀረ።
ሙከራ ስድስት። ጫማዋን አጥብቄ አስረገጥኳት። ባሰ።
ሙከራ ሰባት።

ከሰባት ቀጥሎ ምንም የለም፤ የአውራ ጣት አሻራ ብቻ፣ በዘይት።

ያን ለታ ቡሎን ሊገዛ ፒያሳ ወጣ።
ሁለት ወዛደሮች ባለመስታወት ቁም ሳጥን ተሸክመው ቁልቁለቱን ያዙ፤
የፊተኛው ይጣደፋል፣ የኋለኛው ይቆማል፣
መስታወቱ ውስጥ ሰማይና የፋሲል ግንብ ይናወዛሉ።
"ቁም!" አለ የኋለኛው፣ "ሰው እኮ ነኝ፣ ግድግዳ አይደለሁም!
ሳነሳ አንሳ፣ ስረግጥ እርገጥ፤ አለዚያ እኔ አልወርድም!"
አንዳርጌ መንገድ መሃል ቆመ፤
የባጃጁ ጡሩንባ ሲጮህበት እንኳ አልሰማ፣
ቡሎኑንም ረሳ።

ጥርሱ ከታች ይጎትታል፤ ጫማው ከላይ ይጫናል።
ለካ የሚጫን ሁሉ አብሮ አይሄድም።

ቶርኖ ቤት ሮጠ። ከአሮጌ ባጃጅ ካምሻፍት፣
ከወፍጮ ቤት የተጣለ ዘንግ፣ ሁለት እግር ቀረጸላት፤
አንደኛው ሲይዝ አንደኛው ይራመዳል፣
መርፌውም ጨርቁ ውስጥ እንዳለ አብሮ ይሻገራል።

ስምንተኛውን የያዘችው ዘሀራ ናት፤
"መኪናዋ ምንም አልሆነች፤ ገበታዋ ነው የጠበበው።
ልብሱ ተንጠልጥሎ ሲወርድ በክብደቱ መርፌዋን ይስባታል፤
እኔ በጉልበቴ ነበር የምደግፈው፣ አንተ ጉልበት አልሠራህላት።"
እሱም የአልጋ ጣውላ አምጥቶ ገጠመላት።

ማታ አንድ ብርድ ልብስ ወጣ። ሙሉ።
"ለአያ ደመላሽ ስጡት" አለ፣ "ዘበኛ ነው፣
ብርድን ከሱ በላይ ማን ያውቃል? ይሞክርልን።"

ጠዋት በሩ ተበርግዷል።
ሞርሳው የለም። ትራፓኖው የለም። ካቻቢቴ እንኳ አልተረፈ።
መኪናዋ ግን አለች፤ ክንድ ያህል ተጎትታ ቆማለች፤
ሌቦቹ እኩል አላነሷት ይሆናል።
አያ ደመላሽም አሉ፤ ዱላቸው እራስጌያቸው፣
ኩርፊያቸው የሞተር ድምፅ፣ ወዝ በግንባራቸው።

ዘሀራ ጮኸች።
አንዳርጌ ግን ተንበርክኮ ስፌቱን በጣቱ ተከተለ፣
ከእግርጌ እስከ ደረት፤ አንድም ቦታ አልዘለለ።
ደብተሩን አወጣ፣ እርሳሱን በምላሱ አራሰ፦

ሙከራ ዘጠኝ። ሙቀቱ በቂ ነው።
ለዘበኛ አይሰጥም።